«ጤነኛ ይመስላል» ማስረጃ አይደለም

በአገራችን መድኃኒትነት ባላቸው ዕፅዋት ላይ የሚሠሩ የምርምር ጽሑፎችን የሚያገላብጥ ሰው አንድ አንቀጽ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሳይለወጥ ሲመላለስ ያያል። ሙከራው የተሠራው በነጭ አይጦች ነው። ዕድሜያቸው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት፣ ክብደታቸው ከ20 እስከ 30 ግራም ነው። መኖና ውኃ እንደ ልብ ቀርቦላቸዋል፤ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ አግኝተዋል፤ አንድ ሳምንት እንዲላመዱ ተደርጓል፤ ጤነኞችም ነበሩ። ጤነኛ መሆናቸው በምን ታወቀ? ደማቸው ለየትኞቹ ቫይረሶች ተመረመረ? መቼ? በአብዛኞቹ ጽሑፎች ውስጥ ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ መስመር አይገኝም። የመመረቂያ ጥናቱ አማካሪ አይጠይቅም፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴው አይጠይቅም፣ የመጽሔቱ ገምጋሚም አይጠይቅም። አይጧ ከበላች፣ ከወለደች፣ ጠጉሯ ካልቆመ ጤነኛ ናት ተብሎ ይታለፋል።

ይህን ልማድ የሚደግፍ ሰፊ ስምምነት አለ። የአይጥን ቫይረስ መከታተል የሀብታም አገር ቅንጦት ነው ይባላል። ለሰው የሚሆን የምርመራ ኬሚካል አጥሮን ለአይጥ ከየት እናመጣለን ይባላል። ሁሉም አይጦች ከአንድ ቤት ስለሚመጡ ቢታመሙም እኩል ይታመማሉ፣ ስለዚህ ልዩነት አያመጣም ይባላል። ይህን የሚሉት ሰነፎች አይደሉም። መብራት በሚጠፋበት፣ ማቀዝቀዣ በሚበላሽበት፣ በጀት በሚዘገይበት ቦታ ሥራቸውን ሳያቋርጡ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህም ሐሳባቸው በዝርዝር መልስ ይገባዋል። መልሴ ስምምነቱ ከሥሩ ስህተት ነው የሚል ነው። ዋጋውንም የሚከፍሉት ተመራማሪዎቹ ብቻ አይደሉም። ከደምበል እስከ ቶጎጫሌ፣ ከጅጅጋ እስከ ቀብሪ ደሃር ወባ ይዞት መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ይከፍለዋል።

ሙግቴን ከጅጅጋ የምጀምረው ጤነኛ የሚመስል እንስሳ ጤነኛ ነው የሚለውን እምነት የዚህ አካባቢ ግመል ካፈረሰው ስለቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳዑዲ ዓረቢያ ሰውን የሚገድል አዲስ የኮሮና ቫይረስ ተገኘ፤ መርስ ተባለ። ምንጩ ሲፈለግ ግመል ላይ ተደረሰ። በ2010 እና በ2011 ከኢትዮጵያ ግመሎች የተሰበሰበ ሴረም ሲመረመር፣ ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ በሆኑት ውስጥ ቫይረሱ እንደነካቸው የሚመሰክር ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1983 ከሶማሊያ ግመሎች ተቀድቶ በማቀዝቀዣ የቆየ ሴረምም ያንኑ መሰከረ። ቫይረሱ ስም ከማግኘቱ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል በአፍሪካ ቀንድ ግመሎች መካከል ሲመላለስ ነበር ማለት ነው።

የሶማሌ አርብቶ አደር ግመሉን ከሩቅ በአካሄዱ ይለያል፣ በሽታውን በስሙ ይጠራል፣ የወተቱን መጉደል በማግሥቱ ያውቃል። ያ ዓይን መርስን አላየም፤ ምክንያቱም ቫይረሱ በግመሉ ላይ ከአፍንጫ ፈሳሽ ያለፈ ብዙም ምልክት አያሳይም። በትውልድ የተሳለው የአርብቶ አደር ዓይን ያላየውን፣ ሳጋቱራ ሊቀይር በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚገባ ሠራተኛ 25 ግራም ከሚመዝን እንስሳ ላይ ያየዋል ብሎ ማመን በምን ይደገፋል?

የጅጅጋ ነጋዴ ሌላም ትምህርት በኪሳራ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ተነሣ። በሽታው ከአፍሪካ ምድር ውጭ ሲከሰት ያ የመጀመሪያው ነበር። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ ከብት፣ በግና ፍየል እንዳይገባ ከለከሉ፤ ኢትዮጵያም ክልከላው ውስጥ ገባች። በቶጎጫሌ አልፎ ወደ በርበራ የሚወርደው መንጋ ገዢ አጣ፤ ክልከላውም ለዓመታት ዘለቀ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ የበሽታው ወረርሽኝ አልተመዘገበም ነበር። ግን አልተመዘገበም ማለት የለም ማለት ነው ብሎ የሚያምን ገዢ አልነበረም፤ በመደበኛነት የተሰበሰበ የደም ውጤት ይዞ የሚከራከርም አልነበረም። ከዓመታት በኋላ የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የስዊስ አጋሮቻቸው በአንድነት በጀመሩት የሰውና የእንስሳት ጤና ሥራ በአዳድሌ ወረዳ የሰውም የእንስሳም ደም ሲመረመር፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት አሻራ በሁለቱም ተገኘ። ወረርሽኝ ባልተመዘገበበት ክልል ቫይረሱ አልፎ ያውቅ ነበር። ደም ሳይመረመር «የለብንም» ማለትም ሆነ «አለብን» ማለት ግምት ነው፤ በዚህ ክልል ለዚህ ተጨማሪ ማስረጃ የሚያስፈልገው ያለ አይመስለኝም።

ለግመልና ለፍየል የተቀበልነውን እውነት ለአይጥ ሲሆን ለምን እንተወዋለን? የአይጥ ቤቶች ታሪክ ከግመሉ ታሪክ የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም።

በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ሆርስፎልና ሃን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰውን የሳንባ በሽታ ቫይረስ ለማግኘት ናሙና ወደ አይጥ አፍንጫ እየጨመሩ፣ የአንዱን አይጥ ሳንባ ፈጭተው ወደ ሌላው እያሻገሩ ይሠሩ ነበር። አይጦቹ በሳንባ ምች መሞት ጀመሩ። ከጤነኛ አይጥ የተወሰደ ሳንባ ብቻ በተከታታይ ሲሻገርም ውጤቱ ያው ሆነ። ገዳዩ ቫይረስ ከሰው አልመጣም፤ ጤነኛ በተባሉት አይጦች ውስጥ ተኝቶ የነበረ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1940 አሳተሙ። በ1952 ደግሞ በጃፓን ሴንዳይ ከተማ ሕፃናት በሳንባ ምች ሲሞቱ ከሳንባቸው የተወሰደው ናሙና ወደ አይጥ ተወጋ፤ አዲስ ቫይረስ ተገኘ፣ በከተማዋም ስም ተጠራ። ቆይቶ ግን ያው ቫይረስ በአይጥ ቤቶች ውስጥ የተለመደ ነዋሪ መሆኑ ታወቀ። ከሕፃናቱ መጣ ወይስ ከአይጦቹ የሚለው ጥያቄ በእርግጠኝነት ሳይመለስ ቀረ። ሊመልሰው ይችል የነበረው ከሙከራው በፊት ከአይጦቹ የተቀዳና የተቀመጠ ደም ነበር።

ይህ የድሮ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ በ2018 ሲድኒ ላይ የተገለጠውን ይመልከት። የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ አይጦች ለአሥርተ ዓመታት በአንድ ዓይነት የኩላሊት ጥፋት ሲሞቱ ታይቷል፤ መንስኤው አይታወቅም ነበር። በመጨረሻ ማንም የማያውቀው የፓርቮ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ዓለም ላይ በንጽሕናቸው የተመሰከረላቸው ቤቶች ይህን ያህል ጊዜ ከተሸወዱ፣ አንድም ጊዜ ያልተመረመረ ቤት በምን ሒሳብ ነው ንጹሕ የሚሆነው?

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ ልምጣ፤ ክርክሩ የሚለይለት እዚህ ነውና።

ኢትዮጵያ ውስጥ በነጭ አይጥ ላይ ከሚሠሩት ሙከራዎች ትልቁን ድርሻ ከያዙት አንዱ የወባ ሙከራ ነው። ፕላስሞዲየም በርጌይ የሚባለው የአይጥ ወባ እ.ኤ.አ. በ1948 በኮንጎ ካታንጋ ከዱር አይጥ የተገኘ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ በሕይወት የሚቆየው ከታመመች አይጥ ደም እየተቀዳ ወደ ጤነኛዋ በመርፌ እየተወጋ ነው፤ ያቺ ስትታመም ደግሞ ወደ ሌላዋ፣ በየሳምንቱ፣ ለዓመታት። ሙከራው ሲደርስ ከዚያው ደም አሥር ሚሊዮን ያህል የወባ ጥገኛ ያለባቸው ቀይ የደም ሕዋሶች ለእያንዳንዷ አይጥ ይወጋሉ። ለአራት ቀን የዕፅዋቱ ጭማቂ ወይም ክሎሮኪን ይሰጣል፤ በአምስተኛው ቀን ደም በማይክሮስኮፕ ይታይና ጥገኛው ምን ያህል እንደቀነሰ ይሰላል። ስንት ቀን እንደኖሩም ይቆጠራል።

ይህ አሠራር በራሱ ጥሩ ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ በ1971 የወባ መድኃኒቱን የአርቴሚሲኒንን አቅም ያወቀችው አይጥ ላይ በታየ ውጤት ነው፤ በዚያ በር ዛሬ ሚሊዮኖችን የሚያድን መድኃኒት ገብቷል። እኔም አይጥ ይቅር አልልም። በደምበልና በጅጅጋ ዙሪያ ሶማሌው ዳዓር የሚለው እሬት፣ አዋቂዎች ለትኩሳት የሚቀምሙት ሥርና ቅርፊት ሁሉ በወጉ መፈተን ይገባዋል ባይ ነኝ። የማልቀበለው የፈተናውን መሣሪያ ሳይፈትሹ ፈታኝ መሆንን ነው።

ምክንያቱም ከአይጥ ወደ አይጥ በመርፌ የሚሻገረው ወባው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ቨርነን ራይሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ እንግዳ ነገር አሳዩ። ካንሰር የተተከለባቸው አይጦች ደም ውስጥ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ዕጢው ገና ሳያድግ ከፍ ይል ነበር። የካንሰር ቀዳሚ ምልክት ይመስል ነበር። ሲጣራ ግን ከዕጢው ጋር አብሮ የሚወጋ ቫይረስ ሆነ፤ በ26 ዓይነት የአይጥ ዕጢዎች ውስጥ ተገኘ። ቫይረሱ ዛሬ የሚጠራው ከፍ በሚያደርገው በዚሁ ኢንዛይም ስም ነው። አይጧን አያሳምማትም። ትበላለች፣ ትወልዳለች፣ ጠጉሯም ያምራል። በደሟ ውስጥ ግን ቫይረሱ በአንድ ቀን ጊዜ እጅግ ከፍተኛ መጠን ይደርሳል፤ ከዚያም ዕድሜ ልኳን አይለቃትም። ኢንዛይሙን ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ ያሳድገዋል። የሚራባው ባዕድ ነገርን በሚውጡት የመከላከያ ሕዋሶች ውስጥ ነው፤ የወባን ጥገኛ ከሚያጸዱት አንዱ እነዚሁ ሕዋሶች ናቸው። በደም የሚሻገሩ የአይጥ ወባ ክምችቶችም በዚህ ቫይረስ ተበክለው ተገኝተዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የታተመ ጥናት ደግሞ ቫይረሱ ያለባቸው አይጦች ወባቸው እንደሚከፋ አሳይቷል።

እንግዲህ «ሁሉም እኩል ከታመሙ ልዩነት አያመጣም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይፈተን። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ሁሉ ጠንካራው ይህ ነውና ቸል አልለውም። እውነት ነው፣ ቫይረሱ በወባው ደም ውስጥ ካለ መድኃኒት የተሰጣቸውም ያልተሰጣቸውም አይጦች እኩል ይወጉታል። ግን የሚለካው ምኑ ነው? የዕፅዋቱ ጭማቂ የወባውን ጥገኛ ገድሎ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ የረበሸውን የመከላከያ ሕዋስ አረጋግቶ፣ በዚያ የተነሣ ጥገኛው ቀንሶም ሊሆን ይችላል። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቁጥር ሁለቱን አይለይም። ሁለተኛው ከሆነ ያገኘነው ነገር ቫይረሱ በሌለበት አካል፣ በሰው አካል ውስጥ፣ ምንም አይሠራም። በተቃራኒው ደግሞ መለስተኛ ኃይል ያለው እውነተኛ መድኃኒት በቫይረሱ የከፋውን ወባ ሳይችል ቀርቶ «አይሠራም» ተብሎ ሊጣል ይችላል። በሁለቱም ቡድን እኩል የሚሳሳት ሚዛን ልዩነቱን በትክክል ያሳያል የሚባለው ስህተቱ ቋሚ ሲሆን ብቻ ነው። ቫይረስ ቋሚ ስህተት አይደለም፤ ከመድኃኒቱ ጋር፣ ከቀኑ ጋር፣ ከአይጧ ዕድሜ ጋር ይለዋወጣል።

ደግሞም እኩል የሚያዙት በመርፌ የመጣው ቫይረስ ከሆነ ነው። በኬጅ በኬጅ የሚሄደው ሌላ ነው። የአይጥ ሄፓታይተስ ቫይረስ፣ እሱም ከኮሮና ቤተሰብ ነው፣ በሰገራና በሳጋቱራ ይተላለፋል። ቤቱን በአንድ ጊዜ አይወርም፤ አንዱ ኬጅ ሲይዘው ሌላው ገና ነው፣ ሦስተኛው አልፎት አገግሟል። ተመራማሪው አይጦችን በኬጅ ቡድን ሲመድብ የታመሙትን በአንድ ወገን፣ ያልታመሙትን በሌላው ወገን ሳያውቅ ሊመድብ ይችላል። ያን ጊዜ በቡድኖቹ መካከል የታየው ልዩነት የቅጠሉ ይሁን የቫይረሱ በምን ይለያል?

የመርዛማነት ሙከራውን ሳስብ ይበልጥ አዝናለሁ። አንድ ዕፅ ጉበት ይጎዳ እንደሆነ የሚታወቀው በደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ተለክተው፣ ጉበቱም ተቆርጦ ታይቶ ነው። ኢንዛይም የሚያሳድገው ቫይረስና ጉበት የሚያቆስለው ቫይረስ ባሉበት ቤት እነዚህ ቁጥሮች ምን ይነግሩናል? ምንም የማይጎዳ የአገር መድኃኒት «መርዛማ» ተብሎ ሊቀበር ይችላል። የከፋው ደግሞ ማነጻጸሪያዎቹ አይጦች ጉበታቸው በቫይረሱ ቆስሎ፣ እውነት የሚጎዳው ዕፅ ከእነሱ ጋር ሲተያይ «አይጎዳም» የሚባልበት ጊዜ ነው፤ ያ ዕፅ ሄዶ ሰው ይጠጣዋል።

ስህተቱ ሰው ዘንድ አይደርስም የሚል ካለ ኤክስኤምአርቪ የተባለውን ቫይረስ ያስታውስ። በ2006 ከፕሮስቴት ካንሰር ጋር፣ በ2009 ደግሞ በታዋቂው ሳይንስ መጽሔት ላይ ሥር ከሰደደ የድካም ሕመም ጋር ተያይዞ ወጣ። ሕሙማን ተስፋ አደረጉ፤ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩም ነበሩ፤ አንዳንድ አገሮች እነዚህን ሕሙማን ደም እንዳይለግሱ ከለከሉ። በ2011 እውነቱ ታወቀ። ቫይረሱ የተፈጠረው በ1990ዎቹ የሰው ዕጢ በአይጦች ሰውነት ውስጥ ሲሻገር ሁለት የአይጥ ቫይረሶች ተዳቅለው ነው። በሕሙማኑ ደም ውስጥ ተገኘ የተባለው የላብራቶሪ ብክለት ነበር፤ መጽሔቱም ጽሑፉን በዚያው ዓመት ሰረዘው። ገንዘብ፣ ዕውቀትና መሣሪያ ሞልቶ በተረፈበት ቦታ ይህ ከሆነ፣ ድህነት እኛን ከእንዲህ ያለ ስህተት የሚያድንበት ምክንያት የለም፤ ቶሎ እንዳናውቀው ያደርገናል እንጂ።

ገንዘብ የለንም የሚለውን አከብራለሁ፤ ግን ሒሳቡ በትክክል ተሠርቶ አላየሁም። የአውሮፓ የላብራቶሪ እንስሳት ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2014 ባሻሻለው መመሪያ በየሦስት ወሩ ረጅም ዝርዝር ያለው ምርመራ ይመክራል። ተቃዋሚዎቼ ያንን ዝርዝር አንሥተው «ይህን ማን ይችላል» ይላሉ። ሙሉ ዝርዝሩን ማንም አልጠየቀም። ከአንድ ቤት አሥር አይጦች ተወስደው ቢመረመሩ፣ ከመንጋው ሲሶ ያህሉን የያዘ ቫይረስ በአሥሩም ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ ሦስት በመቶ እንኳ አይሞላም። እንደ ሄፓታይተሱ በፍጥነት ለሚዛመት ቫይረስ ይህ ይበቃል። የብዙ ኬጅ ናሙና በአንድ ቱቦ ተደባልቆ ሊመረመር ይችላል። በኮቪድ ዘመን የፒ.ሲ.አር መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ክልሎች ደርሷል፤ ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ተቋም የከብትና የግመል ቫይረስ ይመረምራል። የጎደለው የአይጥ ቫይረስ መመርመሪያ ኬሚካሉና ጠያቂው ነው።

ከሁሉ በላይ የእኛ ትልቁ አደጋ የት እንዳለ ማወቅ ወጪውን ይቀንሳል። በሌላው ዓለም የተለመደው ዘዴ ንጹሕ አይጦችን እንደ ዘብ አቁሞ የሌሎቹን ቆሻሻ ሳጋቱራ እየሰጡ ቆይቶ ደማቸውን መመርመር ነው። ከመርፌ ጋር የሚሄደው ቫይረስ ግን በሳጋቱራ እምብዛም አይተላለፍም፤ ዘቦቹ ንጹሕ ሆነው ሳለ ክምችቱ የተበከለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወባ ሙከራ በሚሠራበት አገር መጀመሪያ መመርመር ያለበት ከአይጥ ወደ አይጥ የሚሻገረው ደም ራሱ ነው። አንድ ቱቦ ደም፣ አንድ ምርመራ። ብክለት ቢገኝ ክምችቱን መጣል እንኳ ግዴታ አይደለም። ቫይረሱ ራት በሚባለው ትልቁ የላብራቶሪ አይጥ ውስጥ አይራባም፤ የወባው ጥገኛ ግን በወጣቶቹ ራቶች ውስጥ ይራባል። ደሙን በእነሱ በኩል ማሻገር ወባውን ያስቀራል፣ ቫይረሱን ይጥላል። በትንኝ በኩል ማሳለፍም እንዲሁ ያጸዳል። ለዚህ ሥራ በዓለም ላብራቶሪዎች የምትረባው ትንኝ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ናት። በ2016 ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታ፣ በኋላ በጅጅጋና በሌሎች የምሥራቅ ከተሞች የታየችውና በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው ያቺው ትንኝ ናት። የተገኘችውም በሽተኛ ስለበዛ ሳይሆን ተመራማሪዎች ትንኝ እየሰበሰቡ ስለነበር ነው። በውኃ በርሜልና በርካ በሚባለው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ የከተማ ትንኝ ይህን ክልል በያዘችበት፣ የወባ ጥገኛው አርቴሚሲኒንን መቋቋም የጀመረባቸው ምልክቶች ኢትዮጵያ ውስጥ በታዩበት በዚህ ሰዓት፣ አዲስ መድኃኒት የምንፈልግበት መሣሪያ የተበከለ ይሁን አይሁን አለማወቅ ነው ለእኔ ቅንጦት የሚመስለኝ።

አንድ አዲስ መከራከሪያም መጥቷል፤ የሚያመጡት ብዙ ያነበቡ ወጣቶች ናቸው። በ2016 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እጅግ ንጹሕ ሆነው ያደጉ የላብራቶሪ አይጦች የመከላከያ ሥርዓታቸው የአራስ ልጅን እንደሚመስል፣ ከቤት እንስሳት መደብር ከመጡ አይጦች ጋር ሲኖሩ ግን ወደ አዋቂ ሰው እንደሚጠጋ አሳየ። «እንግዲያው ቆሻሻው አይጣችን ይሻላል» ይላሉ። ጥናቱን ደግመው ያንብቡት። ተመራማሪዎቹ የትኛው አይጥ የትኛውን በሽታ እንደያዘ አንድ በአንድ መርምረዋል፤ ሥራው ሁሉ የቆመው በዚያ ምርመራ ላይ ነው። ስሙ የሚታወቅ በሽታን አውቆ ማስገባትና ያልታወቀን ሳያውቁ ማኖር አንድ አይደሉም።

ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ምክንያት ያለ ይመስለኛል፤ ፍርሃት። ከተመረመረና ከተገኘ የአሥር ዓመት ሥራ ይጠየቃል፣ ድጋፍ ይቋረጣል፣ ስም ይጠፋል የሚል ፍርሃት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው አባባል ለተቋምም ይሠራል። ስለዚህ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችና የመጽሔት አዘጋጆች መጠየቅ ያለባቸው የተመረመረ አይጥን እንጂ ንጹሕ አይጥን መሆን የለበትም። ምን እንደተመረመረ፣ መቼ እንደተመረመረ፣ ምን እንደተገኘ ይጻፍ፤ ካልተመረመረም «አልተመረመረም» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ቫይረስ አግኝቶ የጻፈ ሰው ሥራው እንዳይጣልበት ዋስትና ይሰጠው። ያልተመረመረ አይጥን «ጤነኛ» ብሎ መጻፍ ግን ከእንግዲህ ተቀባይነት ማግኘት የለበትም። እንደ ጅጅጋ ያለ፣ የእንስሳት ሕክምናም የሰው ሕክምናም የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አይጥ ቤት ሊያቋቁም ወይም ሊያሰፋ ሲነሣ ከመጀመሪያው ቀን በምርመራ ቢጀምር፣ ቆይቶ ባዶ አድርጎ ከማጽዳት እጅግ ይቀለዋል።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚውሉ ሰዎችም አሉ፤ በአብዛኞቹ ክርክሮች ውስጥ ስማቸው አይነሣም። ሊምፎሳይቲክ ኮሪዮሜኒንጃይትስ የሚባለው ቫይረስ በቤት አይጥ ውስጥ ይኖራል፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ኤሪክ ትራውብ በአሜሪካ አንድ የላብራቶሪ የአይጥ ቤት ውስጥ ተንሰራፍቶ አግኝቶታል። በማኅፀን የያዘው አይጥ ጤነኛ መስሎ ያድጋል፤ ዕድሜውን ሙሉ ግን በሽንቱ ቫይረሱን ይረጫል። ሰው ሽንቱ የነካውን አቧራ ሲተነፍስ ይያዛል። ብዙዎች እንደ ጉንፋን ያልፋቸዋል፤ አንዳንዱን የአንጎል ሽፋን ያስቆጣበታል፤ ነፍሰ ጡርን ሲይዝ ፅንሱን ይገድላል ወይም ዓይንና አንጎሉን ይጎዳል። በአሜሪካ የካንሰር ምርምር ቤቶች ሠራተኞች ከአይጥና ከሃምስተር በተደጋጋሚ ተይዘዋል። የአገራችን የዱር አይጦችም ከቫይረስ ነፃ አይደሉም፤ በ2012 ከትግራይ ደጋ አይጦች አዲስ የሃንታ ቫይረስ ተገልጧል። በየምሽቱ በበር ሥር የምትገባው የቤት አይጥ ከነጮቹ ኬጅ አጠገብ ትሮጣለች፤ ጠዋት ያን ሳጋቱራ ያለ መሸፈኛ የምትጠርገው በዝቅተኛ ደመወዝ የተቀጠረች ሴት ናት። ቅንጦት ነው የተባለው ምርመራ የእሷንም ደኅንነት ይመለከታል። በየቤቱ ለዚህ ቫይረስ ምርመራ ይደረግ፤ ለሠራተኞቹ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ይሰጥ፤ የበሩ ሥር ይደፈን። ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛም ደመወዟ ሳይነካ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወር፤ ለዚህ ከውጭ የሚገዛ ኬሚካል አያስፈልግም፣ የኃላፊው ደብዳቤ ይበቃል፣ ነገ ሊጻፍ ይችላል።